እሳት ያልነካው ድንች

ታናሽ ወንድሜ በሰኔ መጨረሻ አባታችንን ሊጠይቅ እንደሚመጣ ነግሮኝ ነበር። በሐምሌ አጋማሽ በእሱ ፋንታ አንድ ካርቶን መጣ። መንገድ እስኪከፈት ሰንብቶ፣ እስከ ደጀን በጭነት መኪና፣ ከደጀን ወዲህ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ዝናብ እየመታው ደብረ ማርቆስ ገባ። ካርቶኑ ላይ የተጠበሰ ዶሮ ሥዕል አለበት። ደወልኩለት። "ኤር ፍራየር ነው፤ ዘይት አይፈልግም። ለአባ ጤና ብዬ ነው፤ አንቺንም ያሳርፍሻል" አለኝ። እኔን የሚያሳርፈኝ ምን እንደሆነ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው፣ ሲቆረጥ ዝም ብዬ ማየት ከለመድኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ዘጋሁትና ካርቶኑን አልጋ ሥር ከተትኩት።

አባቴ ደብረ ወርቅ ላይ አርባ ዓመት ያህል ቅኔ ያስተማሩ ቄስ ናቸው። የስኳር በሽታው ዓይናቸውን ማድከም ሲጀምር እኔ ዘንድ መጡ። እኔ ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ የእሳቸው አልጋ በፊተኛው፣ የእኔ በኋለኛው ክፍል ነው፤ የኋለኛው ክፍል ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር የለውም። ስወጣም ስገባም በአልጋቸው ጎን አልፋለሁ። ስወጣ "ወዴት ነሽ?"፣ ስገባ "መጣሽ?" ይሉኛል። ክፋት የለበትም። ስድስት ዓመት ሙሉ በቀን አራት አምስት ጊዜ ሲጠየቅ ግን ሰው በገዛ ቤቱ ኬላ የተተከለበት ይመስለዋል።

ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ቀጥሬያለሁ። አባቴ ጾም መያዟን አለመያዟን ከማያውቋት ሴት እጅ አይበሉም። የመጀመሪያዋን ሦስት ቀን በጨዋ ደንብ "ጠገብኩ" እያሉ አሰናበቷት። ሁለተኛዋ "የእኔ እጅ ምን ሆነና ነው?" ብላ አልቅሳ ሄደች። ያን ጊዜ ተናደድኩና "እንግዲያውስ ከእኔ በቀር ማን ሊያበላዎት ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ከአንቺ በቀርማ ማን አለኝ" አሉኝ። እሳቸው የተናገሩት እንደ ምርቃት ነው፤ እኔ የሰማሁት እንደ ፍርድ ነው።

የዝውውር ደብዳቤው ካርቶኑ በመጣ በሳምንቱ ደረሰኝ። ባሕር ዳር ነው የተመደብኩት። አራት ዓመት በተከታታይ ያመለከትኩበት ነው። እስከ ነሐሴ ሃያ አምስት ካልሄድኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። ባሕር ዳር ምን አለሽ ብትሉኝ ምንም የለኝም። አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ረፋድ መተኛት ነበር የምፈልገው። የአርባ አንድ ዓመት ሴት ምኞቷ ይህ ብቻ ነው ቢባል የሚያምን አይኖርም። ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። "ታዲያ አባስ?" አለኝ። "አንተ ዘንድ ይምጡ" አልኩት። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ወይም እሱ አቋረጠው። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ደብዳቤውን የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ቀኑን ግን በየጠዋቱ እቆጥር ነበር።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። በዚህ ጾም አባቴ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ፣ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው፣ እህል አይቀምሱም። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። "ይህ ክኒን ስኳር ያወርዳል። ጠዋት በባዶ ሆድ ከወሰዱት ይወድቃሉ፤ ካልወሰዱት ደግሞ ይብስባቸዋል። የሆነ ነገር ይቅመሱ፤ ድንችም ቢሆን አንድ እፍኝ፣ በዘይት ሳይዋኝ" አለኝ። ደብረ ወርቅ ወደሚገኙት የንስሐ አባታቸው ደወልኩ፤ ድሮ የአባቴ ተማሪ የነበሩ ቄስ ናቸው። "ለታመመ ሰው ተፈቅዷል፤ ይብሉ በያቸው" አሉኝ።

አባቴ መልእክቱን ሰሙ። "ያስተማርኩት ልጅ ነው" አሉ፤ "ቢሆንም የንስሐ አባቴ ነው፤ ቃሉን አላልፍም። ሰዓቱን ለቅቄያለሁ። እሳት የነካው ነገር ግን እስከ ፍልሰታ ፍቺ አልቀምስም። ሱባኤ ይዣለሁ።"

ስእለት ያለበት ሰው ሱባኤ ይዞ ጥሬ ብቻ መቅመሱ በእኛ አገር የታወቀ ነው። ሽምብራ ወይም ባቄላ ውሃ ውስጥ ያሳድራል፤ በማግስቱ የራሰውን ይቆረጥማል። ገዳም የገባ ጎልማሳ ይችለዋል። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ስድስት ጥርስ የቀረው የስኳር በሽተኛ እንዴት ይችለዋል? ምን ለምነው እንደያዙት ጠየቅኋቸው። "የስእለት ነገር አይወራም" አሉኝ። ሙዝ አመጣሁላቸው፤ ሙዝ እሳት አልነካውም አልኳቸው። "ሐኪሙ ጣፋጭ ከልክሎኛል አላልሽም?" አሉኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከቅኔ ተማሪ ጋር ሲከራከር ከኖረ ሰው ጋር ክርክር መግጠም ትርፉ ድካም ነው፤ ሙዙን እኔው በላሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከራሰው ሽምብራ ጥቂት ቀምሰው ክኒኑን ዋጡ፤ ከጓሮ ስመለስ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ጋቢያቸው ጭቃ ላይ ወድቋል። ዓይናቸው ያየኛል፣ ግን አያውቀኝም። ስኳር በውሃ በጥብጬ፣ መንጋጋቸውን በጣቴ ከፍቼ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋቸው። እንዳይሞቱብኝ እለምን ነበር፤ ማንን እንደምለምን አላስታውስም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነፍስ ዘሩ። የመጀመሪያ ቃላቸው "ስኳር ሲሠራ እሳት ይነካዋል?" የሚል ነበር።

"አይነካውም" አልኳቸው። ስኳር በትላልቅ ጋን ሲፈላ እንደሚውል ተማሪ ይዤ ፋብሪካ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

ካርቶኑ ትዝ ያለኝ ያን ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃችን ሲበራ ጠመዝማዛው ስለሚቀላ አባቴ እሳት ነው ይሉታል፤ ልክም ናቸው። ይህ ከአልጋ ሥር ያወጣሁት ጥቁር ዕቃ ግን ሆዱ ዝግ ነው። ከውጭ ሲያዩት የሚቀላ ነገር የለውም፤ ድምፁም የነፋስ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስከፍተው አባቴ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ልጅዎ የላከው ነው። በነፋስ የሚያበስል።"

"በነፋስ?"

"ቋንጣ ተሰቅሎ በነፋስ አይደለም የሚደርቀው? እንደዚያ ነው።"

"እሳቱስ?"

"የለውም።"

በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። "ነፋስ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና "ፊዚክስ አስተማሪ አይደለሽ? አንቺ ካልሽ ነው" አሉኝ። ሙቀት በምን በምን መንገድ እንደሚተላለፍ በየዓመቱ ለሁለት መቶ ልጅ አስተምራለሁ። ከዚያ ነፋስ በላይ አንድ የጋለ ሽቦ እንዳለ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ሽምብራቸውን ይዘው ይሞቱ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

የመጀመሪያው ድንች አሳፈረኝ። መመሪያው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ስለ ዶሮ እንጂ ስለ ድንች የሚለው ነገር የለም። ወንድሜ "ዩቲዩብ ላይ ሞልቶልሻል" አለኝ፤ እኛ ሰፈር ዳታ ሲሠራ ያየ ሰው ይመስል። ድንቹን ልጬ፣ ከትፌ፣ አጥቤ፣ ከነውሃው ቅርጫቱን ሞልቼ ከተትኩት። ነጭና ልፍስፍስ ሆኖ ወጣ። አባቴ አንዱን በጣታቸው ጫን አደረጉትና ሳህኑን መለሱልኝ።

"ይህ ቅቅል ነው" አሉ፤ "ያለ እሳት ቅቅል የለም።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ድንቹ እንዲጥም ብቻ አልነበረም መድረቅ የነበረበት። ነፋስ ያደረቀው እንዲመስል፣ ሲነክሱት ከሽ እንዲል ያስፈልግ ነበር። ውሸቴ የቆመው በድንቹ ቅርፊት ላይ ነው። ሁለተኛውን ዙር በርበሬ ነስንሼ አስገባሁት፤ በርበሬው አርሮ ሁለታችንንም በሳል ጨረሰን። ያን ቀን ሐኪሙን ጠይቄ ክኒኑን በግማሽ ሰበርኩላቸውና ሽምብራ እንዲያላምጡ ተውኳቸው።

በአምስተኛው ቀን ተሳካልኝ። የሚሆነው እንዲህ ነው። ድንቹ አዲስ የወጣው ውሃ ያዘለው ሳይሆን ከርሞ የተሸበሸበው ይሁን። ከነልጣጩ በደንብ ታሽቶ ይታጠብ፤ የጣት አንጓ እያከለ ይከተፍ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከር፤ ውሃው ነጭ ሲሆን ይደፋ፣ እንደገና ይነከር፣ እስኪጠራ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ፤ ሰነፍ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ ድንቹም ይለፈሰፍበታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በእጅ ይታሽበት። ዘይቱ ኑግ ተቆልቶ የተጨመቀ መሆኑን አባቴ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ዕቃው ባዶውን ቀድሞ ይጋል። ድንቹ ሳይደራረብ ይግባ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይነቅነቅ፤ ጨውና ሚጥሚጣ ከወጣ በኋላ ይነስነስ። ውጪው ከሽ ይላል፤ ውስጡ ለስድስት ጥርስም አያስቸግርም።

አባቴ የመጀመሪያዋን አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ከሽ ስትል ቆም አሉ። ሁለተኛ አነሡ። "እንዲህ ያለውን ነፋስ የፈጠረ ይክበር ይመስገን" አሉና እፍኙን ሙሉ ጨረሱት። ክኒኑን ዋጡ። ያን ቀን አልወደቁም።

ከዚያ ወዲያ የእኔ ኑሮ በዚያ ዕቃ ዙሪያ ሆነ። መብራት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስለሚሄድ ጎሕ ሲቀድ እነሣለሁ። ውጭው ጉምና ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ የምሄድበት የለኝም። ቅርጫቱን የምስበው ጀርባዬን ለአባቴ ሰጥቼ፣ ነጠላዬን ዘርግቼ ነው፤ ላዩ ላይ የቀላው ሽቦ እንዳይታይ። አንድ ቀን ሽታው ደስ እንዲላቸው የጥብስ ቅጠል ጨመርኩበት። ቅጠሉን ነፋሱ አንሥቶ ሽቦው ላይ ለጠፈውና ጤሰ። "ጭስ ሸተተኝ" አሉ አባቴ። "ከጎረቤት ነው" አልኳቸው። ጎረቤታችን ያን ሳምንት ለፍልሰታ ገዳም ሄዳ ቤቷ ተቆልፏል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ረስተውት ይሁን አምነውኝ አልገባኝም። የኔን ቃል ከሰው ሁሉ ቃል አስበልጠው ማመናቸው ከ"ወዴት ነሽ?" የባሰ ያፍነኝ ጀመር።

እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። ላብ ላብ ማለቱ ተዋቸው፤ ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብለው ይጸልያሉ። በነሐሴ አሥራ አንድ ድንቻቸውን እየበሉ፣ ደስ ብሏቸው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው አወሩኝ።

"አምስት ቀን ቀረኝ። እንዲህ ብርታቱን ከሰጠኝ መስማቱ አይቀርም።"

"ምን ብለው ነው የያዙት አባ?"

"እንዲሰበስበኝ ነዋ" አሉ። "አዲስ ዓመት ሳይገባ። ባይሆን ባይሆን ቀንሽ ሳያልፍ።"

"የምን ቀን?"

"የባሕር ዳሩ። ለወንድምሽ ስትነግሪው ሰምቻለሁ። ግድግዳው የጭቃ ነው ልጄ።"

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስእለታቸው ከሃያ አምስት በፊት ይደርስ ይሆን የሚል ነው። የተቆለፈው በሬ፣ የቅዳሜው እንቅልፌ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቆየው፤ ግን ነበር፤ እኔ ነበርኩ ያሰብኩት። ከዚያ ተነሥቼ ጓሮ ወጣሁና ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ስመለስ አባቴ ሳህኑን ጨርሰው "ወዴት ሄድሽ?" አሉኝ።

ያን ቀን ሙሉ ያንን ስእለት ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። እሳቸው ለእኔ ሲሉ ሞታቸውን ይለምናሉ፤ እኔ በየጠዋቱ እሳት አበላቸዋለሁ። ስእለቱን በድንች እያፈረስኩት ነው ማለት ነው። ይህ ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር። ግን በማታለል ያፈረስኩት ነገር የምር ይፈርስ ይሆን እያልኩ ተጨነቅኩ፤ እግዚአብሔር የእሳቸውን ልብ እንጂ የእኔን ቅርጫት ላያይ ይችላል። በማግስቱ ድንቹ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጠራኋቸው። ነጠላዬን አልዘረጋሁም። ቅርጫቱን ሳብኩና ዕቃውን በጎኑ አጋደምኩት።

"ወደ ውስጥ ይዩ አባ።"

አጎንብሰው አዩ። ሽቦው ገና ደማቅ ቀይ ነበር፤ የደከመ ዓይንም አይስተውም። ረጅም ጊዜ አዩት።

"እሳት ነው" አሉ።

"እሳት ነው። ሳምንት ሙሉ እሳት ያበሰለውን ነው ያበላሁዎት። ስኳሩም እሳት የነካው ነው።"

አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ይረግሙኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፤ የቄስ እርግማን ቀላል አይደለም። "ለምን ነገርሽኝ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ስእለትዎ እንዳይደርስ።"

"አይደርስማ። ሱባኤው ፈርሷል።" በትራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "ታዲያ አንቺ በምን ልትሄጂ ነው?"

"አልሄድም። ማን ያበላዎታል?"

አባቴ በስድስት ዓመት ውስጥ ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። ያን ጠዋት በትራቸውን መሬት መቱ። "እኔን ሰበብ አታድርጊኝ" አሉ። "መሄድ ፈርተሽ እንደሆን ፈራሁ በይ። በእኔ ድንች አታመካኚ።"

አራት ዓመት ሳመለክት አንድ ቀን እንኳ ይሳካል ብዬ ያላመንኩት ለምንድን ነው? ደብዳቤው ሲመጣ ደስታው ሁለት ቀን አልቆየም፤ ከዚያ ወዲህ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። የማላውቀው ከተማ ውስጥ፣ በተቆለፈ በር ውስጥ፣ ማንም "መጣሽ?" የማይለኝ ሆኜ ይታየኝ ጀምሮ ነበር። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን መልሴን አልጠበቁም፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ወደ ጠረጴዛው መጡ።

"በይሳ አሳዪኝ" አሉ። "የበላሁት እሳት ከሆነ ልወቀው። እኔ ራሴ ከሠራሁ ከማንም እጅ አልበላሁም፤ አንቺም ትሄጃለሽ።"

አባቴ በዕድሜያቸው ወጥ ቤት ገብተው አያውቁም። በተማሪነታቸው ለምነው በሉ፤ ሲያገቡ እናቴ አበላቻቸው፤ እሷ ስትሞት ተማሪዎቻቸው፣ ከዚያ እኔ። ድንችና ቢላ ሰጠኋቸው። ድንቹን እንደ መጽሐፍ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው መክተፍ ጀመሩ። አንዱ እንደ እንቁላል ይተልቃል፣ ሌላው እንደ ወረቀት ይሳሳል። ደስ አለኝ፤ እስቃለሁ፣ አርማቸዋለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት ያለ ከእሳቸው ጋር አሳልፌ አላውቅም። ከዚያ ውሃው ውስጥ ያለው ድንች ቀልቶ አየሁት። የግራ አመልካች ጣታቸው ጫፍ ተከፍቷል፤ ደሙ ወደ ክንዳቸው ይወርዳል። እሳቸው መክተፋቸውን አላቆሙም።

"አባ፣ ጣትዎ።"

"ምን ሆነ?"

አላመማቸውም። በሽታው ጣታቸውን ማደንዘዙን ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ያን ጠዋት ነው ያወቁት። ደማቸውን የሌላ ሰው ደም ይመስል ተመለከቱት። አጥቤ አሰርኩላቸው። ቢላ የማይሰማው እጅ የጋለ ቅርጫትም አይሰማውም፤ ሁለታችንም ይህን አሰብን።

ፍልሰታ በተፈታ በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ብዬ ወጣሁና ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ዝውውሩን ትቼዋለሁ ብዬ ፈረምኩ። ጸሐፊዋ "እርግጠኛ ነሽ? ዳግመኛ አይገኝም እኮ" አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ለጣታቸው ይሁን ለፍርሃቴ እንደፈረምኩ ያን ቀንም አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። ስመለስ ዳቦውን ረስቼው ነበር። አባቴ "መጣሽ?" አሉኝ። መጣሁ አልኳቸው። የፈረምኩትን ግን አልነገርኳቸውም፤ ምክንያቱም እሳቸው ልምምዱን አላቆሙም ነበር።

አላቆሙም። ቢላውን ትተው ድንቹን በማንኪያ ጎን መቁረስ ጀመሩ። ቅርጫቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ይይዛሉ። የዕቃውን ማብሪያ ቁልፍ በዓይን ስለማያገኙት የሽምብራ ክክ በማስቲሽ ለጠፍኩላቸው፤ በመዳፋቸው እየዳበሱ ያገኙታል። ሰዓት አያዩም፤ የጠዋት ጸሎታቸው እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ይነቀንቁታል፣ ሲጨርሱ ያወጡታል። በየቀኑ ቀምሰው "ገና ነው" ይላሉ። ሞትን መለመን ትተው ድንች ላይ ተጠምደዋል፤ ይህን ከእጃቸው መንጠቅ አቃተኝ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አንድ ቀን፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሌላ ቀን አለፈ። ሌላ ውሸት ውስጥ እንደገባሁ አውቄዋለሁ፤ የዚህኛው መውጫ ግን አልታየኝም።

ነሐሴ ሃያ አምስት ጠዋት የቀሰቀሰኝ የዚያ ዕቃ ድምፅ ነው። ከዚያ ድምፁ ቆመ፤ ዱላቸው ኳ ኳ አለና አባቴ ሳህን በአንድ እጃቸው ይዘው ክፍሌ ውስጥ ገቡ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ክፍል ረግጠውት አያውቁም። ነጭ ጥምጥማቸውን እንደ በዓል አሳምረው ጠምጥመዋል። ጣታቸው ላይ ያለው ፋሻ በዘይት ረጥቧል።

"ብዪና ሂጂ" አሉኝ። "ሚኒባሱ ሳይሞላ።"

አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በላሁ። እኩሌታው አርሯል፣ እኩሌታው ውስጡ ጥሬ ነው፤ ጨዉ አንድ ቦታ ተከምሯል። እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆመው ከሽ ሲል ያዳምጣሉ። ያረረውንም ጥሬውንም አንድ ሳላስቀር ጨረስኩ። አባቴ ባዶውን ሳህን ከእጄ ተቀበሉና ሻንጣዬ የት እንዳለ ጠየቁኝ።